ረቡዕን ሐሙስ ያደረግሁት እኔ ነኝ

የአያ አዛናው ዐይን ደኅና ነው። ይህን መናገር በነበረብኝ ሰዓት ስላልተናገርሁት፣ አሁን ከዚህ እጀምራለሁ።

ስሜ ሰውመሆን ነው። ወረታ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች ከሚለያዩበት ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ በጋሼ አብዱልአሊም የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። የተማርሁት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በፊት ግን መሪጌታ ዘንድ ፊደል ቈጥሬ ስለ ነበር፣ ሐመሩ ሐና ሃሌታው ሀ አይምታቱብኝም። ሰው ማመልከቻውን ወደ እኔ የሚያመጣው ለዚህ ነው። ከሰው ፊት ቆሜ መናገር ግን አይሆንልኝም። የአንድ ገጽ ዋጋ ስንት ነው ሲሉኝ እንኳ ዞር ብዬ ጋሼን አያለሁ።

ድረ ገጽ መሥራት የተማርሁት ሱቁ ጭር ሲል፣ ሌሎች የሠሩትን ገጽ እየከፈትሁ ከውስጥ እንዴት እንደ ተጻፈ በማየት ነው። የማላውቀውን እገለብጣለሁ፤ ከሠራልኝ ለምን እንደ ሠራ አልጠይቅም። ይህንንም ማንም አላወቀብኝም ነበር።

በኅዳር መጀመሪያ ጽጌሬዳ መጣች። የሩዝ ገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ ናት። ማኅበሩ አንዲት የሩዝ መውቂያ ማሽን አለችው፤ በቁሐር ሚካኤል ላሉ አምስት ጎጦች በቀን በቀን ትዞራለች። ማሳው ውኃ ስለሚቋጥር ማሽኗ አትገባበትም። የየጎጡ ሰው ተራው ከመድረሱ አንድ ቀን በፊት ነዶውን ተሸክሞ መንገድ ዳር ካለው ደረቅ አውድማ ማድረስ አለበት። ያላደረሰ ተራው ያልፈዋል።

«አንተ ዝምተኛ!» አለችኝ። «ይህን ተራ ሰው በስልኩ እንዲያየው አድርገህ ሥራልኝ። በወረቀት ብለጥፈው ፍየል በላችብኝ።»

«ፍየል?»

«ፍየል! የለጠፍሁት በዱቄት ሙጫ ነበር፤ ጣፈጣት መሰለኝ ሰኞንም ማክሰኞንም አልተወችልኝ።»

በሁለት ቀን ሠራሁት። በግራ በኩል የጎጦቹን ስም አንዱን ከአንዱ በታች ደረደርሁ፤ በቀኝ በኩል ቀኖቹን። ስምና ቀን ፊት ለፊት እንዲውሉ ለእያንዳንዱ መስመር ቁመት ሰጠሁት። ቁመቱን አርባ አራት ብዬ ጻፍሁና ዝም አልሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሌላ ምንም ሳይቀድም፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አልሁበት። መሪጌታ ያስተማሩን እንዲህ ነው፤ ባዶ ገጽ ሲጀመር ከዚህ በፊት ፊደል አይጻፍም። ገጹ፣ ከፍቶ ለሚያሳየው ብራውዘር ማን እንደ ሆነ የሚናገርበት ዶክታይፕ የሚሉት መስመር አለ፤ እሱንም ከበስመ አብ በታች አደረግሁት።

በጋሼ ኮምፒውተር ከፈትሁት፣ አማረ። በስልኬ ከፈትሁት፣ አማረ። ዓርብ ለጽጌሬዳ አሳየኋት፤ ወደደችውና አንድ ቅጂ በወረቀት አትማ ወሰደች።

ቅዳሜ ጋሼ አብዱልአሊም ከጀርባዬ ቆመው አዩት።

«ማሻ አላህ፣ ሰውመሆን! እጅህ ይባረክ» አሉኝ። «እኔም እኮ ከከተማው ጫፍ ሁለት ጥማድ ሩዝ አለኝ፤ የማኅበሩ አባል ነኝ። የእኛን ቢስሚላህስ ከጎኑ ብታስገባልን? ሩዙ በሁለት በኩል ይበረክት ነበር!»

ቀልድ ነበር። ተናግረው ሳይጨርሱ ሥቀው ወደ ደንበኛ ሄዱ። እኔ ግን ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። የሁሉም በሆነ ገጽ ላይ የራሴን ብቻ ማስቀደሜ ያሳዘናቸው መሰለኝ። በዚያው ቅጽበት መስመሩን አጥፍቼ ገጹን እንደ ገና በኢንተርኔት ለቀቅሁት። በኮምፒውተሩ አየሁት፤ ስሞቹም ቀኖቹም ፊት ለፊት ነበሩ። በስልኬ አላየሁትም። ያፈረ ሰው ይቸኩላል።

አያ አዛናውን ያን ጊዜ በሩቁ ነበር የማውቃቸው። ጥቁር ውኃ የሚባለው ጎጥ ሰው ናቸው፤ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ያገኙትን ፊደል ሳይጥሉ ይዘው የኖሩ፣ የጎጡ የማኅበር ተጠሪ ናቸው። የጎረቤት ደብዳቤ፣ የጤና ጣቢያ ወረቀት፣ በስልክ የሚመጣ መልእክት፣ ሁሉም በእሳቸው አፍ ይነበባል። «አዛናው አንብቦታል» ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስልካቸውን ከፍተው ለሰው አነበቡ፦ «ጥቁር ውኃ፣ ሐሙስ።»

ማሽኗ የመጣችው ረቡዕ ነው።

ረቡዕ ቀትር ላይ ጽጌሬዳ ሱቃችን ገባች፤ ከባጃጁ የወረደችው ሳይቆም ይመስላል።

«ጉድ ሠሩኝ! ማሽኗ ጥቁር ውኃ ቆማ አንድ ነዶ የለም። ሾፌሩ እስከ አሁን ጠብቆ ተነሣ። አያ አዛናው ሐሙስ ነው ብለው አንብበውላቸዋል። የት ነው ሐሙስ? ይኸው!» ዓርብ ያተመችውን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ጣለችው። ረቡዕ ይላል። ወደ ኮምፒውተሩም አጐነበሰች። «ይኸው እዚህም! ጥቁር ውኃ፣ ረቡዕ!»

እኔ በጠረጴዛው ሥር ስልኬን ከፈትሁ። በስልኬ ጥቁር ውኃ አንጻር ያለው ቀን ሐሙስ ነበር። ከላዩ ያለው ጎጥ ስሙ ረጅም ነው፣ «ከወንዝ ማዶ የታችኛው አቦ ሜዳ»። በጠባቡ ስልክ ላይ ሁለት መስመር ሆኖ የታችኞቹን ስሞች ሁሉ ወደ ታች ገፍቷቸዋል፤ ቀኖቹ ግን ካሉበት አልተነቃነቁም። ከቅዳሜ ወዲህ የነካሁት ነገር አንድ ብቻ ነው። እዚያው ጠረጴዛው ሥር በስመ አብን ወደ ቦታው መለስሁና ለቀቅሁት። ስልኬን ደግሜ ከፈትሁ። ረቡዕ።

ቀና ስል ጽጌሬዳ አያ አዛናው ዘንድ ደውላ ድምፁን ለሁላችን ከፍታዋለች።

«አያ፣ ስልክዎን ይክፈቱና አሁን ያንብቡልኝ።»

«ከፍቼ አነባለሁ። ሐሙስ ነው የሚለው ልጄ፤ ሦስት ጊዜ ነው ያየሁት።»

«አሁን ይዩት።»

ትንፋሻቸው ይሰማል። ከኋላቸው ብዙ ሰው አለ።

«ረቡዕ ይላል» አሉ።

«አላልሁዎትም?»

«ረቡዕ ይላል።» ቃሉን ለእሷ ሳይሆን ለራሳቸው የሚሉት ይመስል ነበር።

ከኋላ አንድ ሰው ጮኾ ተናገረ፤ ገበያው የሚባለው ጎረቤታቸው መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። «አያ አዛናው፣ ፊደሉ ነው የሸሸዎት ወይስ የእሑዱ ጠላ ነው ያነበበልን?» ሰው ሣቀ። ጥቂቶች ግን አልሣቁም፤ «ነዶአችን ውኃ ላይ ቀረ እኮ!» የምትል ሴት ነበረች።

ያን ጊዜ ነው መናገር የነበረብኝ። ጽጌሬዳ ከእኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበረች። አፌን ከፈትሁ። «ሻይ ላምጣልሽ?» አልኋት።

እሷ ለቀሩት ሁለት ጎጦች ደውላ ቀናቸውን በቃል ነገረቻቸው፤ እነሱ ዳኑ። ጥቁር ውኃ ዙሩ ተጠናቅቆ እስኪመለስ ይጠብቅ ተባለ። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ያልተጠበቀ ዝናብ ወረደ፤ እስከ ረፋድም አላባራ። ታጭዶ ማሳ ላይ የተኛ ሩዝ ውኃ ከጠጣ ምን እንደሚሆን የፎገራ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ በሱቁ በር ቆሜ በአስፋልቱ ላይ የሚወርደውን ጎርፍ አያለሁ፤ ጋሼ ደግሞ «ምነው ቀለምህ ጠፋ?» ይሉኛል።

ምክንያቱን መፈለግ የጀመርሁት ረቡዕ ማታውኑ ነው። ገጹን እያፈረስሁ ስሠራ፣ በማይገባኝ ቋንቋ የተጻፈውን ቃል በቃል እየፈታሁ ስነብብ ሰነበትሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ብራውዘር ገጽን የሚያነብበት ሁለት ዐይነት አኳኋን አለው። ዶክታይፑን ከሁሉ ፊት ካገኘው እንደ ሕጉ ያነባል፤ የጎደለውን ጎደለ ይላል። ከዶክታይፑ በፊት ሌላ ጽሑፍ ካገኘ ግን ገጹ ሕጉ ሳይጸና በፊት የተሠራ የድሮ ገጽ ነው ብሎ ያስባል፤ ለአሮጌ ሰው እንደሚደረገው፣ ያላለውን እንዳለ ቈጥሮ ይሸፍንለታል። የእኔ ገጽ አምሮ የታየው በምሕረት ነበር። ሽፋኑን በገዛ እጄ ሳነሣው ስሕተቴ ወጣ፤ የወጣው ግን በእኔ ላይ አልነበረም።

ይህ እንደ ገባኝ ገጹን በትክክል ሠራሁት። አያ አዛናው ዘንድ ግን አልሄድሁም። ነገ እሄዳለሁ እያልሁ ከዚያ ረቡዕ ወዲህ አራት ቀን አለፈ።

በአምስተኛው ቀን እሳቸው መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ከጠረጴዛዬ ፊት ካለው ወንበር ተቀመጡ።

«ልጄ፣ አንዲት ማመልከቻ ጻፍልኝ። ጽሕፈትህ ያምራል ይላሉ።»

«ለማን ትሁን፣ አያ?»

«ለማኅበሩ። ከተጠሪነት አንሡኝ የምትል።»

«ምክንያቱን ምን ልበል?»

«ዐይኑ ደከመ በል ልልህ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ጤና ጣቢያ ገባሁ። ግድግዳ ላይ ያለውን ፊደል ቍጠሩ አሉኝ፤ እስከ ታች ድረስ ቈጠርሁላቸው። ልጂቱ ‹አባቴ፣ ይህ የጎረምሳ ዐይን ነው› አለችኝ።» ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። «ታዲያ ዐይኔ ካልሆነ ልቤ ነዋ። ረቡዕን አይቶ ሐሙስ የሚል ልብ። ‹ልቡናው ስለ ደከመ› በልልኝ።»

ጻፍሁት። ቀኑን፣ «ጉዳዩ» የሚለውን፣ ስማቸውን፣ ጎጣቸውን ጻፍሁ። «ልቡናዬ ስለ ደከመ» የሚለው ላይ ደረስሁና ጻፍሁት፤ አንድም ፊደል አልተሳሳትሁም። ከዚያ ወዲያ መሄድ አቃተኝ።

«አያ፣ ሐሙስ ነበር» አልሁ።

«ምን?»

«ያነበቡት። ሐሙስ ነበር የሚለው። እርስዎ ትክክል አንብበዋል። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ጽጌሬዳ መጥታ ስትናገር ቶሎ ብዬ አስተካከልሁት። እርስዎ ደግመው ሲከፍቱት…»

ጋሼ አብዱልአሊም ፎቶ ኮፒውን አጠፉት።

«መቼ ነው ያስተካከልኸው?»

«ያን ዕለት፣ ጽጌሬዳ ልትደውልልዎ ስትል።»

«አጠገቧ ነበርህ?»

«አዎ።»

«ድምፄን ትሰማ ነበር?»

«እሰማ ነበር።»

«ገበያው ሲዘባበትብኝስ?»

«እሱንም» አልሁ። አልተቈጡም፤ ቢቈጡ ይሻለኝ ነበር። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አዩአቸው።

«አምስት ሌሊት» አሉ። «ሚስቴን በስሟ ስጠራት እንኳ ልክ ነኝ ወይ እያልሁ አምስት ሌሊት።» ተነሡ። «ለእኔ ነገርኸኝ፤ እግዜር ይስጥህ። ለእነዚያስ ማን ይነግራቸዋል? እኔ ብነግራቸው ‹ሽማግሌው ሰበብ ይዞ መጣ› ነው የሚሉት።»

«እኔ… ከሰው ፊት…»

«እኔስ ከማን ፊት ነበርሁ?»

እሑድ ቁሐር ሚካኤል ሄድሁ። ሌሊቱን ሁሉ የምለውን በወረቀት ጽፌ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ የተሰበሰበውን ሰው ሳይ ወረቀቱ በላብ ራሰብኝ። አያ አዛናው ፈንጠር ብለው ቆመዋል፤ ወትሮ የሚያነቡበት ድንጋይ ላይ አልተቀመጡም።

«ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

«አልተሰማም!» አለ ገበያው። «ከወረታ ድረስ መጥተህ ለጫማህ ነው የምትነግረው?»

ጮኽሁ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ! አያ አዛናው በትክክል ነው ያነበቡት። ሐሙስ ይል ነበር!»

ያመጣሁትን አሳየሁ። ገጹን ሁለት አድርጌ ይዤው ነበር፤ አንደኛው በስመ አብ ከፊቱ ያለበት፣ አንደኛው የሌለበት። በአያ አዛናው ስልክ አንዱን ከፈትሁ፤ ረቡዕ። ሌላውን ከፈትሁ፤ ሐሙስ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው አሳየ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ።

«ቆይ ቆይ» አለ ገበያው። «በስመ አብን ስታነሣው ነው ቀኑ የዞረው?»

«አዎ፣ ግን…»

«ሰማችሁ? ስመ ሥላሴን ቢያነሣ ጊዜ ተራችን ተገለበጠ!»

ጥቂቶች አማተቡ። አንድ ሽማግሌ «ማን አንሣው አለህ?» አሉኝ። ሌላው ቀጠለ፦ «የሱቁ ጌታ እስላም አይደለም እንዴ?»

መውጫው ወለል ብሎ ተከፈተልኝ። ዝም ብል በቂ ነበር። ስሕተቴ ተአምር ሆኖ፣ ጥፋቱም የጋሼ ሆኖ፣ እኔ ደግሞ ተገድዶ ያነሣ ምስኪን ሆኜ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር። ዝም ማለት ደግሞ የለመድሁት ነገር ነው።

«ማንም አንሣው አላለኝም!» አልሁ። «ጋሼ አብዱልአሊም ቀለዱ፣ ሣቁ፣ ሄዱ። አፍሬ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ቀኑንም ያዞረው የስሙ መነሣት አይደለም። ገጹ ቀድሞም በእኔ ስሕተት የተሠራ ነው። መስመሩ ከፊት ሲኖር ስልኩ አሮጌ ገጽ መስሎት ይምረኝ ነበር፤ ሲነሣ ምሕረቱን ተወ።»

«ምንድን ነው ስሕተቱ?» አሉ ሽማግሌው።

እንዴት እንደምነግራቸው ጠፋኝ። «አንድ ሰው መጥቶ ‹አርባ አራት ስጡኝ› ቢላችሁ ምን ትሰጡታላችሁ?»

«አርባ አራት ምኑን?» አለ ገበያው።

«እሱን ነው ያልጻፍሁት።»

«ቁና ይሁን ጆንያ?»

«አልጻፍሁም። ቁጥሩን ጽፌ መለኪያውን ተውሁት። የሚምር ሰው ገምቶ ይሰጣችኋል። የማይምር ደግሞ ‹አልሰማሁም› ይላችኋል።»

ገበያው ጭንቅላቱን አከከ። «እና የእኛ ሩዝ የረጠበው አንተ ‹ጆንያ› የምትለውን ቃል ስለ ተውህ ነው?»

«አዎ።»

ያን ዕለት በስልክ ድምፅዋን የሰማኋት ሴት ከመሀል ወጣች፤ እትዬ ወለተ ሚካኤል ይሏታል፣ ባሏ የሞተባት ናት።

«እኔ ቁጥር አላውቅም» አለችኝ። «ነዶዬ ከሥሩ በቅሏል። አረንጓዴ ሆኗል። መጥተህ እየው።»

«እመጣለሁ።»

«መጥተህ እየውና ገልብጠህ አስጣልኝ። እኔ ወገቤን ያመኛል።»

ሰኞ ሄድሁ፤ ማክሰኞም ሄድሁ። ከጉልበቴ በላይ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ነዶ ስሸከም ዋልሁ። ምሳ አቀረበችልኝ፤ ደኅና ዋልህ ግን አላለችኝም። ከሩዙ እኩሌታው ለከብት መኖ ብቻ ሆነ።

በሁለተኛው እሑድ አዲሱ ተራ ወጣ። አሁን ስሙና ቀኑ ተያይዘው በአንድ መስመር ነው የተቀመጡት፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው አብሮት ይወርዳል። በአምስት ዐይነት ስልክ አይቸዋለሁ። ሰው ተሰብስቦ ሳለ ገበያው ራሱ ሄዶ አያ አዛናውን ከድንጋዩ ላይ አስቀመጣቸው።

«ያንብቡልን እንጂ አያ። እኔ ለፍላፊ ነኝ፤ ያውቁኝ የለ?»

ስልኩን ከፈቱ። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ።

«ጥቁር ውኃ፣ ማክሰኞ» አሉ። ከዚያ ስልኩን ወደ ገበያው አዞሩት። «ማክሰኞ ነው የሚለው?»

«ማክሰኞ ነው፣ አያ።»

ወደሚቀጥለው ጎጥ ወረዱ፤ «ዋርካው ሥር፣ ረቡዕ።» ደግሞ አዞሩት። «ረቡዕ ነው?»

«ረቡዕ ነው።»

አርባ ዓመት ለሰው ሲያነቡ እንዲህ ብለው ጠይቀው እንደማያውቁ ያወቅሁት ከሰዉ ፊት ነው። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ነበር። አምስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ገበያው አላስቻለውም፤ ስልኩ ወደ እሱ ሳይዞር «ልክ ነዎት፣ ልክ ነዎት አያ» አለ።

አያ አዛናው ግን ስልኩን ዘረጉለት።

«ሳታይ አትበለኝ» አሉት። «እየው።»